5 ሊትር ቢራ፣ 16 ግራም ጋዝ፦ ስለ ትንሹ የቤት ውስጥ ድራፍት መቅጃ የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣

በቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ጠርሙስ ማጠብና ማሸግ ሰልችቷቸው ወደ ድራፍት መቅጃ ሲሻገሩ፣ መጀመሪያ የሚገጥማቸው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ለሳምንታት ሲጠባበቁት የቆዩት ቢራ ከቧንቧው አረፋ ብቻ ሆኖ ይወርዳል፤ ብርጭቆው እስከ አፉ በነጭ አረፋ ይሞላል፤ አረፋው ሲረግፍም ከሥር የሚገኘው ሁለት ጣት የማይሞላ፣ ጋዙ ያለቀበት ፈሳሽ ነው። የእኔም የመጀመሪያ በርሜል ከዚህ የተለየ አልነበረም። ጥፋቱ የግፊቱ ማነስ መስሎኝ ግፊቱን ከፍ አደረግሁት፤ አረፋው ባሰ። ዝቅ አድርጌ ተውኩት፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቢራው ሞተ። ዛሬ የምናገረው ከዚያ ወዲህ ስለተረዳሁት ነገር ነው። ቢራን ጋዝ ማስያዝና ቢራን ገፍቶ ወደ ብርጭቆ ማውጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በትንሽ መቅጃ የሚቸገር ሰው የሚቸገረውም ሁለቱን በአንድ ጊዜና በአንድ የግፊት ልክ ለመሥራት ስለሚሞክር ነው።

ትንሽ መቅጃ የምለው ከ4 እስከ 10 ሊትር የሚይዝ፣ በተራ የቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆም የሚችል የብረት በርሜል ያለውን ነው። በክዳኑ ላይ መቅጃ ቧንቧ ይታሰራል፤ ከቧንቧው ሥር እስከ በርሜሉ ወለል አካባቢ የሚደርስ ጠላቂ ቱቦ ይወርዳል፤ በጎን በኩል የግፊት መቆጣጠሪያ አለ፤ ከመቆጣጠሪያው ጋር ደግሞ ጣት የምታህል፣ 16 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘች የብረት ካርትሪጅ ትጠመዘዛለች። ታላቅ ወንድሙ ለለስላሳ መጠጥ ተብሎ የተሠራው፣ በኋላም በቤት ጠማቂዎች እጅ የገባው 19 ሊትር የሚይዘው የኮርኒሊየስ በርሜል ነው። ስለ እርሱ የሚባለው አብዛኛው ነገር ለትንሹም ይሠራል፤ የማይሠራበትን ቦታ ስደርስ እናገራለሁ።

ከጋዙ ልጀምር። እርሾ ስኳርን ሲበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። አብዛኛው ጋዝ በሚብላላበት ጊዜ ወደ አየር ይወጣል፤ ነገር ግን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተብላልቶ ያበቃ ቢራ፣ ማንም ምንም ሳይጨምርበት፣ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ 1.7 ግራም ያህል ጋዝ ይዞ ይቀራል። ሲጠጣ ምላስ ላይ የሚሰማ፣ ብርጭቆ ላይ ሲቀዳም አረፋ የሚያቆም ቢራ ለማግኘት ግን በሊትር 5 ግራም ገደማ ያስፈልጋል። ጠማቂዎች ይህን በቮልዩም ይለኩታል። 1 ቮልዩም ማለት በ1 ሊትር ቢራ ውስጥ፣ በ0 ዲግሪና በተራ የአየር ግፊት ሲለካ 1 ሊትር የሚሆን ጋዝ አለ ማለት ሲሆን፣ ክብደቱ 2 ግራም ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በመሆኑም የተለመደው 2.5 ቮልዩም በሊትር 4.9 ግራም ያህል ነው።

ጋዝ በፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሟሟ የሚወስነውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1803 ያስታወቀው እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊሊያም ሄንሪ ነው፤ ሙቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ የሚሟሟው ጋዝ መጠን በላዩ ካረፈው የጋዙ ግፊት ጋር እኩል ይጨምራል፣ እኩል ይቀንሳል። ከሄንሪ በፊት፣ በ1767፣ ጆሴፍ ፕሪስትሊ በሊድስ ከተማ ከአንድ ቢራ መጥመቂያ አጠገብ ይኖር ነበር፤ በሚብላላው ቢራ ላይ የሚንሳፈፈውን ጋዝ ውሃ ውስጥ ማስገባት እንደሚቻል ያየው እዚያው ነው። ዛሬ ከቢራ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው የሚመስለን የሚፍለቀለቅ ውሃ ከጠመቃ ጋን አናት የተገኘ መሆኑን ባስታወስኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

የሄንሪ ሕግ በእኛ ማቀዝቀዣ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። 2.5 ቮልዩም ያለው ቢራ በ4 ዲግሪ ሲቀመጥ፣ ጋዙ ሳይወጣም ሳይጨመርም በሚዛኑ እንዲቆይ ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ 0.8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ያህል ማሳየት አለበት። ያው ቢራ በ10 ዲግሪ ከሆነ 1.2 ባር ይፈልጋል፤ በ20 ዲግሪ ደግሞ ወደ 2 ባር ይጠጋል። ቢራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ግፊቱን ስንት ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ መልሴ ሁልጊዜ «ቢራው ስንት ዲግሪ ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። ቴርሞሜትር ሳይኖረው ጌጅ ብቻ ያለው ሰው ከግማሹ መረጃ ጋር ነው የሚታገለው።

አሁን ወደዚያች 16 ግራም ካርትሪጅ እንመለስ፤ ትንሹ መቅጃ ከትልቁ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በ5 ሊትር በርሜል ውስጥ ያለውን ቢራ ከ1.7 ግራም ወደ 4.9 ግራም ለማድረስ በሊትር 3.2 ግራም፣ በጠቅላላው 16 ግራም ጋዝ ያስፈልጋል። ይህ በትክክል አንድ ሙሉ ካርትሪጅ ነው። ከዚያ በኋላ ቢራው መቀዳት አለበት። የመጨረሻው ብርጭቆ ሲወጣ በርሜሉ በቢራ ፈንታ በጋዝ ይሞላል፤ 5 ሊትር ጋዝ በ4 ዲግሪና ጌጁ ላይ በሚታይ 0.8 ባር 17 ግራም ያህል ይመዝናል። እነሆ ሁለተኛዋም ካርትሪጅ አልቃ፣ 1 ግራም ጎድሏል። በአየር ማስወጣትና በትንንሽ ማፈትለክ የሚባክነው ሲታከልበት ሦስተኛዋም ትነካለች። በሌላ አነጋገር አንዲት ካርትሪጅ ወይ ቢራውን ጋዝ ማስያዝ ወይ ቢራውን መግፋት ትችል ይሆናል እንጂ ሁለቱንም አትችልም። በርሜሉ ሳይጋመስ ጋዝ አለቀብኝ የሚሉ ጠማቂዎች ካርትሪጃቸው ጉድለት ያለባት ይመስላቸዋል፤ ጉድለቱ ግን ያልተሠራው ሒሳብ ነው። ትልቅ የጋዝ ሲሊንደር ያለው ሰው ይህን ሒሳብ ሳያስብ ዓመታት ሊኖር ይችላል።

መፍትሔው የመጀመሪያውን ሥራ ለእርሾው መተው ነው። ቢራው ወደ በርሜሉ ሲገለበጥ ጥቂት ስኳር በፈላ ውሃ ተበጥብጦ፣ ቀዝቅዞ ይጨመርበታል፤ በርሜሉ ይታሸግና በ20 ዲግሪ አካባቢ ለሁለት ሳምንት ይቀመጣል። አንድ ግራም ተራ ስኳር ሙሉ በሙሉ ሲብላላ ግማሽ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ስለዚህ 3.2 ግራም ለማግኘት በሊትር 6.3 ግራም፣ ለ5 ሊትር ደግሞ 31 ግራም ገደማ ስኳር ይበቃል። በአንድ እፍኝ ስኳር የተሠራው ጋዝ ካርትሪጇን ለመግፋት ሥራ ብቻ ነጻ ያደርጋታል። እርሾው በሚሠራበት ጊዜ በክዳኑ ሥር የቀረውን ኦክስጅን መጠቀሙም ሌላው ጥቅም ነው። በለውጡ በበርሜሉ ወለል ላይ ቀጭን አተላ ይተኛል፤ የመጀመሪያው ግማሽ ብርጭቆ ድፍርስ ሆኖ ይወጣል፤ እርሱን መድፋት ነው። ይህ ዋጋ ለእኔ ምንም አይደለም። ጠላቂው ቱቦ ከወለሉ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ከፍ እንዲል ማድረግም የበለጠ ይረዳል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ከራሴ ስሕተት የተገኘ ነው። 5 ሊትር ከሚይዙት በርሜሎች መካከል አንዳንዶቹ ከስስ ቆርቆሮ የተሠሩ ናቸው። በአንድ ወቅት ለጠርሙስ የለመድኩትን፣ በሊትር ወደ 8 ግራም የሚጠጋውን ስኳር በእንዲህ ያለ በርሜል ውስጥ ጨመርኩ። በአሥረኛው ቀን ሳየው የበርሜሉ ግርጌ ወደ ውጭ ተነፍቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አቅቶት ነበር። በዚያ ሙቀት ውስጡ የነበረው ግፊት ከ2 ባር በላይ ነበር። ግፊቱን አስተንፍሼ ማዳን ብችልም በርሜሉ ዳግመኛ ለአገልግሎት አልበቃም። ከዚያ ወዲህ በስስ በርሜል ከ4 ግራም በሊትር አላልፍም፤ ይህም ወደ 1.9 ቮልዩም ያደርሰዋል፤ በ20 ዲግሪም ከ1.2 ባር ብዙም አይበልጥም። የቢራው አረፋ ትንሽ ለስለስ ቢልም ለብዙ ጠቆር ያሉ ቢራዎች ይስማማቸዋል። 31 ግራሙ ወፍራም ግድግዳ ላለው፣ ግፊት ማስተንፈሻ ላለውና ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ ግፊት በላዩ ለተጻፈበት በርሜል ብቻ ነው። ከዚህም ሁሉ በፊት ቢራው መብላላቱን በእርግጥ መጨረሱ የፈሳሽ እፍጋትን በሚለካው በሃይድሮሜትር መረጋገጥ አለበት፤ ለተከታታይ ሦስት ቀናት ንባቡ ካልተለወጠ ጨርሷል። ያልጨረሰ ቢራ ገና የሚበላው የራሱ ስኳር አለውና፣ እኛ የምናሰላው 31 ግራም ምንም ትርጉም አይኖረውም።

ጋዙን የያዘ ቢራ አገኘን እንበል። አሁን ሁለተኛው ሥራ፣ ማለትም ማውጣቱ ይቀራል፤ አረፋው የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ቢራ በበርሜሉ ውስጥ በ0.8 ባር ግፊት ሥር ጋዙን አቅፎ ጸጥ ብሎ ይተኛል። ከቧንቧው ሲወጣ ያ ግፊት ዜሮ ይሆናል። ግፊቱ ቀስ በቀስ ከወረደ ጋዙ በአብዛኛው በቢራው ውስጥ ይቆያል፤ በቅጽበት ከወረደ ግን ጋዙ በአንድ ጊዜ ፈንቅሎ ይወጣል። በመጠጥ ቤትም ሆነ በ19 ሊትሩ በርሜል የሚሠራበት ዘዴ ረጅምና ቀጭን ቱቦ ነው፤ ውስጡ ወደ 5 ሚሊሜትር የሚሰፋ፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ የሆነ ቱቦ በሰበቃ ግፊቱን እየበላ ቢራውን እርጋታ ያስተምረዋል። ቱቦው ጥቂት ሰፋ ካለ ሰበቃው በብዙ እጥፍ ስለሚቀንስ ርዝመቱም ያንኑ ያህል መጨመር ይኖርበታል። በትንሹ መቅጃ ግን ቧንቧው በቀጥታ በክዳኑ ላይ ተቀምጧል። 3 ሜትር ቱቦ የለም፤ ግፊቱ ከ0.8 ወደ ዜሮ የሚወርደው በአንድ መዳፍ ርቀት ውስጥ ነው። የእኔ የመጀመሪያ በርሜል ታሪክ ሁሉ እዚህ ላይ ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሄንሪ ሕግ ስለ ሚዛን ይናገራል እንጂ ወደ ሚዛኑ ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አይናገርም። በቀዝቃዛና በማይናወጥ በርሜል ውስጥ ጋዝ በቢራው ፊት በኩል ሲገባም ሲወጣም እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ ሳይናወጥ በጋዝ ብቻ የሚሞላ ቢራ አንድ ሁለት ሳምንት የሚፈጀው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ቀርፋፋነት ለቀጂ ትልቅ በረከት ነው። ለመቅዳት ስንዘጋጅ መቆጣጠሪያውን ዘግተን፣ በማስተንፈሻው በኩል ትርፉን ግፊት እናስወጣና ጌጁን ወደ 0.2 ወይም 0.3 ባር እናወርደዋለን። ቧንቧው አሁን ቢራውን በለስላሳ ፍሰት ይሰጣል። ቢራው በዚህ ዝቅተኛ ግፊት ሥር ለሁለት ሦስት ሰዓት ቢቆይ የሚያጣው ጋዝ በምላስ የማይለይ ነው። መቅዳቱ ሲያበቃ ግፊቱን ወደ 0.8 መመለስ ግን ግዴታ ነው፤ ይህን የረሳ ሰው በሳምንቱ መጨረሻ የሞተ ቢራ ያገኛል። መቆጣጠሪያውን ብቻ ማዞር በርሜሉ ውስጥ ያለውን ግፊት እንደማይቀንስም ልብ ይሏል፤ ብዙዎቹ መቆጣጠሪያዎች የሚገባውን ጋዝ ይወስናሉ እንጂ የገባውን አያስወጡም። ማስተንፈሱ ጋዝ ያባክናል የሚል ስጋት ሊኖር ይችላል። በርሜሉ ሙሉ ሳለ በክዳኑ ሥር ያለው ባዶ ቦታ ትንሽ ስለሆነ የሚባክነው ጥቂት ነው፤ በርሜሉ ሲጎድል ግን ብክነቱ ይጨምራል። ስለዚህ ከግማሽ በታች ከወረደ በኋላ፣ በተለይም በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ የሚጠናቀቅ ከሆነ፣ ግፊቱን ዝቅ እንዳለ መተው ይሻላል።

ሌላው የአረፋ ምንጭ ሙቀት ነው። በርሜሉ ከማቀዝቀዣው ውጭ ሆኖ ለጥቂት ሰዓታት ከቆየ በኋላ ተመልሶ ቢገባ፣ ውጫዊው ብረት ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ መሐሉ ያለው ቢራ ግን አይቀዘቅዝም። ከመቅዳት በፊት ሙሉ ሌሊትና ሙሉ ቀን በማቀዝቀዣ ማሳደር ይገባል። ቧንቧው ራሱም ከበርሜሉ ጋር መቀዝቀዝ አለበት፤ ቀዝቃዛ ቢራ የሞቀ ብረት ሲነካ ጋዙን ወዲያው ስለሚለቅ፣ የመጀመሪያው ብርጭቆ አረፋ ሆኖ ሁለተኛው ደህና የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በርሜሉን አንስቶ ከቦታ ወደ ቦታ ማዘዋወርም አተላውንና ጋዙን ይቀሰቅሳል፤ ከተዘዋወረ ለጥቂት ሰዓታት ያርፍ።

ስለ አቀዳድ ብዙ አልናገርም። ተራ ቧንቧ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይከፈት፤ ግማሽ የተከፈተ ቧንቧ ጠባብ ቀዳዳ ስለሚፈጥር ቢራውን ያናውጠዋል። የፍሰት መቆጣጠሪያ ያለው ቧንቧ ለብቻው ቁልፍ አለውና እርሱ ይጥበብ፣ ዋናው እጀታ ግን ሙሉ ይከፈት። ብርጭቆው መጀመሪያ 45 ዲግሪ ያህል ይዘንበል፤ ወደ መጨረሻው ቀና ይበል። የብርጭቆው ንጽሕና ግን ችላ የሚባል አይደለም። የቢራ አረፋ የሚቆመው ከብቅል በመጡ ፕሮቲኖችና ለቢራ መራራነት ከሚጨመረው አበባ፣ ከሆፕ፣ በመጡ መራራ ውሁዶች ነው፤ ቅባት ደግሞ የሁለቱም ጠላት ነው። ንጹሕ መስሎ የሚታይ ብርጭቆ በውሃ ሲለቀለቅ ውሃው በግድግዳው ላይ እንደ ስስ ሽፋን ከወረደ በእርግጥ ንጹሕ ነው፤ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከተንጠለጠለ ግን ቅባት አለበት።

ጽዳትን በተመለከተ ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ድራፍት መቅጃ ከጠርሙስ የሚለየው በውስጡ ዓይን የማያየው እርጥብ መንገድ ስላለው ነው። በቧንቧው ውስጥ፣ በጎማ ቀለበቶቹ ሥርና በጠላቂው ቱቦ ውስጥ የሚቀረው ቢራ ለባክቴሪያ ምቹ ማደሪያ ነው። ላክቶባሲለስ ቢራውን ያኮመጥጠዋል፤ ፔዲዮኮከስ የቅቤ ሽታ የሚሰጠውን ዳይአሲቲል ያመነጫል፤ አየር የሚያገኘው የቧንቧው አፍ ደግሞ ኮምጣጤ ለሚሠሩት አሲቶባክተሮች የተመቸ ነው። ከዚህ ሌላ የቢራ ድንጋይ የሚባለው፣ በዋነኛነት ካልሲየም ኦክሳሌት የሆነ ቡናማ ቅርፊት ይጋገራል፤ ቅርፊቱ ሻካራ ስለሆነ ለባክቴሪያ መደበቂያ፣ ለአረፋም መነሻ ይሆናል። ንጹሕ ባልሆነ መቅጃ የሚመጣን አረፋ በግፊት ማስተካከል አይቻልም፤ ብዙ ሰው ግን እዚያ ላይ ሰዓታት ያጠፋል።

እኔ የምከተለው ሥርዓት እንዲህ ነው። መቅጃው ከእያንዳንዱ በርሜል በኋላ ሙሉ በሙሉ ይፈታል፤ በተከታታይ ከተጠቀምኩበት ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ። ሶዲየም ፐርካርቦኔት በሞቀ ውሃ ተበጥብጦ ክፍሎቹ ለግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋሉ፤ ቧንቧው በቀጭን ብሩሽ ይታሻል፤ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። በየጥቂት ወሩ የቢራውን ድንጋይ ለማሟሟት አሲድ ያለው ማጽጃ ይጨመራል። ልክ ከመሙላቴ በፊት ደግሞ በፎስፎሪክ አሲድ የሚሠራውን፣ መለቅለቅ የማይፈልገውን ጀርም ማጥፊያ በሁሉም ክፍል አሳልፋለሁ። ማጽዳትና ጀርም ማጥፋት አንድ አይደሉም፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ ጀርም ማጥፊያ ሥራውን አይሠራም። የክሎሪን ማንጫ ዝገት የማይነካውን ብረት ሳይቀር ይበላል፤ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ከአሉሚኒየም የተሠራ ክፍልም ኮስቲክ ሶዳ መንካት የለበትም።

ኦክስጅን ቢራን የሚያበላሸው በዝግታ ነው፤ ከሳምንታት በኋላ የሆፑ ሽታ ይደበዝዛል፣ እርጥብ ካርቶን የሚመስል ጣዕምም ይመጣል። ስለዚህ ቢራው ሳይንቦጫረቅ፣ ከሥር ጀምሮ በቱቦ ወደ በርሜሉ ይግባ፤ በርሜሉ እስከ አንገቱ ይሙላ። እርሾ በውስጡ የሚሠራበት በርሜል ራሱን በከፊል ይከላከላል። በጋዝ ብቻ በሚሞላው ግን ከታሸገ በኋላ ጥቂት ጋዝ አስገብቶ ማስተንፈስ፣ ይህንንም ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም ይገባል።

ስለ ጥንቃቄ የምለው አጭር ቢሆንም ችላ እንዳይባል እለምናለሁ። በካርትሪጇም ሆነ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈሳሽ ነው፤ በ20 ዲግሪ ግፊቱ 57 ባር ያህል ነው። ፈሳሹ እስካለ ድረስ ግፊቱ አይወርድም፤ ስለዚህ የሲሊንደሩ ጌጅ ጋዙ ሊያልቅ ሲል እንጂ ቀድሞ አይናገርም። ምን ያህል እንደቀረ የሚታወቀው በሚዛን ብቻ ነው። ለአየር ጠመንጃ የሚሠሩ ካርትሪጆች የዘይት ቅሪት ሊኖርባቸው ስለሚችል ለምግብ የሚሆኑትን ብቻ መጠቀም ያስፈልጋል። 16 ግራም ጋዝ ቢያፈተልክ በክፍል ውስጥ 9 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ለጤና አያሰጋም። 5 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር ግን ሲያፈተልክ ወደ 2,700 ሊትር ይሆናል፤ 20 ሜትር ኩብ በሆነ ዝግ ክፍል ውስጥ ይህ ከአየሩ ከ10 በመቶ በላይ ነው፣ 4 በመቶ ሲደርስ እንኳ ለሕይወት ያሰጋል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሊንደር አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ቀጥ ብሎና ታስሮ ይቁም፤ መገጣጠሚያዎቹም በሳሙና ውሃ ይፈተሹ።

የመጨረሻው ብርጭቆ ሲደርስ ቧንቧው ጋዝና ቢራ እየቀላቀለ ይተፋል፤ በዚያች ቅጽበት መዝጋት ይገባል፤ ካልተዘጋ የቀረው ጋዝ ሁሉ በከንቱ ይሄዳል። ቀጥሎ ካርትሪጇ ከመነቀሏ በፊት መቆጣጠሪያው ይዘጋ፤ በማስተንፈሻው በኩል ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ክዳኑ የሚፈታው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። በርሜሉን በዚያው ሌሊት በሞቀ ውሃ ማለቅለቅ አተላው ሳይደርቅ ስለሚያስወጣው በማግስቱ ከሚጠብቀን ፍተጋ ያድነናል። ታጥቦ ሲያበቃ ክዳኑ ሳይገጠም፣ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ፣ አየር ከሥሩ እንዲገባ በሁለት እንጨቶች ላይ ይቀመጣል።